አንድ ማንኪያ ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር

ለእህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት አለሽ? ትኩሳቱ ለቀቀሽ? ያ ከእምብርትሽ በታች የሚወጋሽ፣ ከሱጁድ ቀና እንዳትዪ የሚከለክልሽ ሕመም አሁንስ ተወሽ? አንቺ ያለሽበት ብርድ ይኑር አይኑር አላውቅም። እዚህ የታኅሣሥ ብርድ ገብቷል፤ ጠዋት የውዱእ ውኃው እጅ ያደነዝዛል።

ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ደብዳቤ በሌላ መንገድ መጀመር አላውቅበትም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለእማ ወደ ጠዳ በሚኒባስ ዕቃ ስንልክ ውስጡ የምናስገባውን ወረቀት ስታስጽፊኝ፣ መጀመሪያ ጤናዋን ጠይቅ፣ ቀጥለህ የራስህን ተናገር፣ ክፉ ወሬ ካለ ወደ መጨረሻ አድርገው ትይኝ ነበር። ጎረቤት ሲያነብላት ገና ከመጀመሪያው መስመር እንዳትደነግጥ። ስለዚህ ዛሬም እንዳልሽኝ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ክፉው ወሬ ወደ መጨረሻ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ትምህርት ቤት፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዘበኛው በሩን እስኪቆልፍ ጊዜ አለኝ። ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ወደ ቤትሽ፣ ከእንግዲህ አልመለስም።

የምጽፍልሽ ስለ ባልሽ ነው። ጃቢር ብዬ ብጠራው ተሳስቼ እንዳይመስልሽ። አያ ጃቢር ማለት ትቻለሁ። አያ የሚባለው ታላቅ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ቤት እየበላሁ፣ እሱ ጣሪያ ሥር እየተኛሁ አያ ስለው ኖርኩ። ያን ሁሉ አያ ከጆሮው መልቀም ቢቻል ኖሮ አንዱንም ሳላስቀር እለቅመው ነበር።

የምነግርሽን አብዛኛውን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም በተራው ላስቀምጠው። በተራ ያልተቀመጠ ቂም እንደ ተተበተበ ክር ነው፤ ጫፉ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ጫፉ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

የታመምሽው ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። አይ፣ ከዚያ በፊት ነው፤ እኔ ያወቅሁት ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ጃቢር ጨርቁን ጭኖ አዲ አርቃይ ሄዶ ነበር። በወር አሥር ቀን እዚያ ነው። እዚያ ምን ሸጦ እንደሚመጣ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር፤ ምን ይዞብሽ እንደሚመጣ የነገረችን ግን ዶክተሯ ናት። አንቺ ብርድ መቶኝ ነው እያልሽ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተሽ ሆድሽ ላይ በሻሽ ታስሪ ነበር። አንድ ዓርብ የዐስርን ሰላት ስትሰግጂ ሱጁድ ወርደሽ ቀረሽ። ብጠብቅ ብጠብቅ ቀና አትዪም። ግንባርሽን መስገጃው ላይ እንደደፋሽ አንድ ነገር ታጉረመርሚያለሽ። ዱዓ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ «አንሣኝ» ነው የምትይው።

በባጃጅ ወሰድኩሽ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እጄን ትነክሺኝ ነበር። ምልክቱ አውራ ጣቴ ሥር ነበር። ሊጠፋ ሲል የራሴን ጥርስ እያሳረፍኩበት እስከ ዛሬ አቆይቼዋለሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር መሰረት መርምራሽ ስትጨርስ እኔን ከክፍሉ ልታስወጣኝ ነበር። አንቺ «ይቆይ፤ እሱ ካልሰማው እኔ ይጠፋብኛል» አልሻት። አፍሬ ወለሉን እያየሁ ሰማሁ። ኢንፌክሽኑ ከማሕፀንሽ አልፎ ቱቦዎቹ ጋ ደርሷል፤ በአንደኛው በኩል መግል ቋጥሯል፤ አሁን በመርፌ ካልተያዘ ሆድሽ ውስጥ ይፈነዳል አለች። አራት ቀን ተኛሽ። መድኃኒቱ ከተሰቀለው ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ በክንድሽ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብርቱካን አምጣልኝ አልሽ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ አጠገብሽ ከተኙት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ጋር ትሳሳቃላችሁ። ሴትዮዋ «ማሰሮና ሴት ከውጭ ሲያዩት ሸጋ ነው፤ ጉዱ የሚታየው ውኃ ሲሞላ ነው» ሲሉሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ሆድሽን ይዘሽ! ያን ጊዜ ነው የዳንሽ የመሰለኝ።

ስትወጪ ዶክተሯ መድኃኒቱን ለአንቺ አልሰጠችሽም፤ ለእኔ ነው የሰጠችኝ። ተማሪ ነህ አይደል፣ እንግዲህ ጠባቂው አንተ ነህ አለችኝ። ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ነጭ ክኒን ነው። ሌላው ውስጡ ቢጫ ዱቄት ያለው እንክብል ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለአሥራ አራት ቀን፣ ሃያ ስምንት ፍሬ። ቃሏን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሕመሙ ቶሎ ይተዋታል፣ አንተ ግን መድኃኒቱን እንዳታስተዋት አለችኝ። ጀርሙ ሲዳከም ይደበቃል እንጂ አይሞትም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከተዉት ተመልሶ ሲመጣ ከፊተኛው ይከፋል አለችኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞራ ሁለት ነገር ጨመረች። ባልሽ መጥቶ መታከም አለበት፣ አለበለዚያ መልሶ ይሰጥሻል። እስኪታከምም ድረስ አልጋችሁ ለየብቻ ይሁን። ለእሱ የሚሰጥ የመጥሪያ ወረቀት ጻፈችልሽ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጃቢር ከአዲ አርቃይ ገባ። ወረቀቱን ስትሰጪው እኔ ጓዳ ነበርኩ። አንብቦ ሳቀ። «እኔ የሚያመኝ ነገር አለ? አየሽኝ ስተኛ?» አለሽ። «ይቺ ሐኪም ናት ወይስ ሽማግሌ? አንቺን ታክም እንጂ እኔ ቤት ምን አገባት?» አለሽ። አንቺ ቀስ ብለሽ፣ እባክህ ለኔ ስትል፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው አልሽው። ድምፁ ያኔ ተለወጠ። አባቱም አያቱም በዚህ ከተማ ጨርቅ የሸጡ ሰዎች መሆናቸውን፣ ከአራዳ እስከ ቅዳሜ ገበያ የማያውቀው ሰው እንደሌለ፣ እንዲህ ያለ ክፍል በር ላይ ተሰልፎ ቢታይ ነገ ፊቱን የት እንደሚያሳይ ጠየቀሽ። ቀጥሎ ደግሞ ያላሰብሽውን ጠየቀሽ። «ለመሆኑ አንቺስ ይህን ከየት አመጣሽው?»

እኔ የሽንኩርት ቢላ ይዤ ነበር። ያን ቀን ከጓዳ ለምን እንዳልወጣሁ እስካሁን አላውቅም።

ወረቀቱን ጨምድዶ ወረወረው። ሲወጣ አንስቼ ባዮሎጂ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁት። ሁለተኛውንም የዶክተሯን ትእዛዝ አልጠበቀም። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግሥቱ የእንክብሉን ስም በቁራጭ ወረቀት ገልብጠሽ ሰጠሽኝ። ለእሱም እንግዛለትና በዘዴ እናስውጠዋለን አልሽ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሙሉቀን መድኃኒት ቤት ደርሼ መጣሁና የለም አሉኝ አልኩሽ። ጠፍቷል፣ መቼ እንደሚገባም አይታወቅም አልኩሽ። አመንሽኝ። የማይጠፋ መድኃኒት በሌለበት ዘመን ምነው አታምኚኝ።

እንክብሎቹን አልጋው ላይ ዘርግተሽ አየሻቸው። ሃያ ስድስት ቀርተው ነበር። እሱ ካልታከመ ሃያ ስድስቱም ከንቱ ናቸው፣ መልሶ ይሰጠኛል ብለሽ ዕንባሽ መጣ። መንገድ አለ አልኩሽ።

ጃቢር ከሱብሒ ሰላት ሲመለስ በየቀኑ የሚበላትን ማንኪያ ከእኔ በላይ ታውቂያታለሽ። አንድ ማንኪያ ማር ከተደቆሰ ጥቁር አዝሙድ ጋር። ከሞት በቀር የማያድነው የለም እያለ ስንት ጊዜ አስተምሮናል። እንክብሉን ከፍተን ዱቄቱን ማሩ ላይ ብናደርገው አዝሙዱ ራሱ መራራ ነው፣ አይለየውም አልኩሽ። የጠዋቱ ለእሱ፣ የማታው ለአንቺ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት። አንቺ «ለእኔ አይጎድልብኝም?» አልሽኝ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍሉ ተማሪ፣ በባዮሎጂ ከክፍሉ አንደኛ፣ አራት ቀን መርፌ ወስደሻል፣ ነጩም ክኒን አለ፣ ዋናው እሱ ነው አልኩሽ። እንደ ሐኪም ነበር የተናገርኩት። ድምፄን አወፍሬ።

የመጀመሪያው ጠዋት ትዝ ይልሻል? ማንኪያውን ጎርሶ ፊቱን አኮሳተረ። «ምነው ይሄ አዝሙድ እንዲህ መረረ?» አለ። አንቺ ዓይንሽን ሳትሰብሪ «የዘንድሮ ነው፤ የደምቢያ» አልሽው። ትንሽ አሰበና «ሲመር ነው ፍቱን የሚሆነው» ብሎ ማንኪያውን ላሰው። ጓዳ ገብተን፣ አንቺ ሻሽሽን፣ እኔ የዩኒፎርሜን እጅጌ ነክሰን እስኪደክመን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ አልሳቅንም።

አሥራ ሦስት ጠዋት ላሰው። በመጨረሻው ቀን ዘንድሮስ ሰውነቴ ቀለለኝ አለ።

አንቺ ኅዳር ሃያ ላይ ተመልሰሽ ወደቅሽ። መጀመሪያ ጀርባዬን ነው አልሽ፣ ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ አልሽ፣ በሦስተኛው ቀን ከንፈርሽ ደርቆ ስሜን ረሳሽው። ጃቢር አዲ አርቃይ ነበር። ስልኩን ሲያነሣ ቅዳሜ ገበያዬን ልጨርስና እመጣለሁ አለ። እዚያም ቅዳሜ ገበያ አለ ማለት ነው።

ዶክተር መሰረት አወቀችን። አንቺን አይደለም የጠየቀችው፤ እኔን ነው። ጠባቂው እኔ ነኛ። እንክብሉን ጨርሳለች ወይ አለችኝ። አንቺ ከአንሶላው ሥር እጄን ጨበጥሽ። ባልሽ እንዳይዋረድ ነበር የጨበጥሽኝ፣ ወይስ እኔ እንዳልዋረድ? ይህን ሳትነግሪኝ ሄድሽ። አንድም ሳይቀር ጨርሳለች አልኳት። ባልዋስ ታክሟል አለች። ታክሟል አልኳት። ይኸኛው እውነት ነበር።

ዶክተሯ ግራ ገባት። ይህን ሁሉ ወስዳ ከተመለሰ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብላ ሌላ ምርመራ አዘዘች፣ መርፌውንም ለወጠችው። ውጤቱ ሲጠበቅ አንድ ቀን ሄደ። መግሉ ያን አንድ ቀን አልጠበቀም። ሆድሽ ውስጥ ፈነዳ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡሽ እኔን አላየሽኝም፤ ጣሪያውን ነበር የምታዪው። ማክሰኞ፣ ዐስር ሲሰገድ፣ ዶክተር መሰረት ወጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሐኪም አጠገብሽ ሲቀመጥ ነገሩ አልቋል። ያኔ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ጃቢር ልመለስ።

ረቡዕ ጠዋት ለቀብርሽ ደረሰ። ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ጀናዛሽ ፊታችን ተቀምጦ ሸኽ ቡሽራ እንደ ደንቡ ወደ ሰዉ ዞረው በሟቿ ላይ ሐቅ፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ያለው ካለ ይናገር፣ የበደለችውም ካለ አውፍ ይበላት አሉ። ጃቢር ከሰጋጁ ሰልፍ፣ ከሰፉ፣ ወጣ። ሰው ሁሉ እያየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሚስቴን በበደለችኝ ሁሉ አውፍ ብያታለሁ፣ ባሏ ሥራዋን ወዶላት ነው የሞተችው፣ ሁላችሁም ምስክሬ ሁኑ አለ። ሰዉ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

እህቴ፣ እሱ አንቺን ይቅር አለሽ! እሱ፣ አንቺን!

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሙት ላይ ሐቅ ያለው ሰው ይጠየቃል። ሙቱ ሕያው ላይ ያለውን ሐቅ ግን የሚጠይቅለት የለም። አንቺ ከከፈኑ ውስጥ ተነሥተሽ እኔም ሐቅ አለኝ ልትዪ አትችዪ። እኔ እጠይቅልሻለሁ ብዬ እዚያው፣ በሰፉ ውስጥ ቆሜ ማልኩ። ሸኽ ቡሽራ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ልጄ፣ ወንድሟ፣ በአንተ በኩል አውፍ ነው?» ሲሉኝ ከንፈሬ አልላቀቅ አለኝ። ሐዘን መስሏቸው ትከሻዬን ዳበሱኝ።

ሦስቱን የሐዘን ቀን ጃቢር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ለቀስተኛ ሲቀበል ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያቀረብኩት። በሁለተኛው ቀን አንድ ዘመዱ አንተ እንኳ ጤናህን ጠብቅ ሲለው፣ እኔማ አላህ ይመስገን በየጠዋቱ ማርና ጥቁር አዝሙድ ስለምበላ ጉንፋን እንኳ አይነካኝም አለ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ልንገርሽ? እሷም ሰምታኝ ብትበላው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች አለ።

ከያዝኩት ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። «ተወው፣ ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው» አሉ።

እማ ትናንት ከሰዓት ወደ ጠዳ ተመለሰች። አልነገርኳትም። ሆዷን አሟት ነው ብላ ታምናለች፤ ልክም ናት። ስትሰናበተኝ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትምህርትህን እስክትጨርስ አያ ጃቢርን አክብር፣ እሱ ከተቆጣህ ወዴት ትገባለህ አለችኝ። እሺ አልኳት። ሚኒባሱ ሲሄድ ቀጥታ ወደ ሙሉቀን መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

ክፉውን ወሬ ወደ መጨረሻ አድርገው ብለሽኛል። እንግዲህ እዚህ ላይ ደርሻለሁ።

ሙሉቀን ገና ከበሩ ሲያየኝ «ሯጩ መጣህ?» ብሎ ሳቀ። ከሐዘን ቤት እንደመጣሁ አያውቅም፤ የማን ወንድም እንደሆንኩም አያውቅም። ያን ቀን እንክብሉን ሊያወጣልኝ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ሲመለስ በሩ ላይ እንዳልነበርኩ ነገረኝ። «ለማን ነው ጎረምሳው፣ ከአሁኑ ጀመርክ እንዴ ብዬ ብቀልድብህ ፖሊስ የጠራሁ መሰለህ?» አለኝ። እንዲህ የሚሸሽ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ካርቶኑ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ከሳሙናው በላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። አንድ ፍልጥ እንክብል ስጠኝ አልኩት። አወረደ፣ በወረቀት ጠቀለለ፣ ሰጠኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሁለት ደቂቃ፣ እህቴ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ ታውቂያለሽ። ጃቢር በር ላይ ተሰልፌ እታያለሁ ብሎ ፈራ። ቂም ስይዝበት በዚህ ነበር፤ አሁንም በዚህ ነው።

ደብዳቤ በምርቃት ያልቃል። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ። ያጠቡሽን እጆች ይባርክ። የወለቃዋን ሴትዮ ጤና ያድርግልኝ፤ ሞትሽን ሲሰሙ እስከ አዲስ ዓለም በእግራቸው መጥተው አልቅሰዋል። የቂያማ ቀን ከጀነት በር ላይ የቆምሽ እንደሆነ ገብተሽ አትለፊ። ቆመሽ ሐቅሽን ጠይቂ። ማንንም አትማሪ። አውፍ በይኝም አልልሽም። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬሽ ልጨርስ።

ዛሬ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ያለ ለቀስተኛ፣ ያለ እማ፣ ያለ አንቺ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የቀሰቀሰኝ የለም። አንቺ ተነሥ፣ ፀሐይ ቀደመችህ የምትይበት ሰዓት ሲደርስ ዓይኔን ገልጬ ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሣሁ። ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ደብተሮቼን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አዝሙዱን አንቺ በምትደቁሺበት ሙቀጫ ደቆስኩ። የማሩን ቆርቆሮ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሰሃን አቀረብኩ።

ጃቢር ከመስጂድ ተመልሶ ተቀመጠ። ሲያየኝ ደስ አለው። ጎበዝ፣ የቤቱን ሥርዓት ያዝክ አለኝ። ከደብተሬ ውስጥ የተጨማደደውን ወረቀት አውጥቼ በመዳፌ አቃንቼ ፊቱ ዘረጋሁት። የዶክተር መሰረትን ጽሕፈት አወቀው። አንድ እንክብል ከፍልጡ አወጣሁ። ዓይኑ እያየ በጣቶቼ ከፈትኩት። ቢጫው ዱቄት ማሩ ላይ ወረደ። አዝሙዱን ነሰነስኩበት፣ አማሰልኩት፣ ማንኪያውን ወደ እሱ አዞርኩት።

ምንድን ነው አለኝ።

«የዘንድሮ ነው፤ የደምቢያ» አልኩት።

በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረው። ፊቱ ወዲያው አልተለወጠም። መጀመሪያ አፉ አወቀ፣ ከዚያ ዓይኑ። ስንት ቀን ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ሦስት ጠዋት አልኩት፤ ከእሷ ሃያ ስድስት ላይ። አንተን ልታድን ብላ ነው፣ አንተ አውፍ አልካት አልኩት። ቀስ ብሎ «እኔ ሳላውቅ ነው የበላሁት። አንተ ግን ታውቅ ነበር» አለኝ።

ይህን እንደሚለኝ ከትናንት ጀምሮ አውቅ ነበር። ቦርሳዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከደጃፉ ዞር ብዬ ሳይ ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ ጣቱ ቢጫውን ከማሩ ለመለየት ይሞክር ነበር።

ትምህርት ቤት የደረስኩት ደወል ሳይደወል ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነበር።

ሐቅሽ ያለበት
ወንድምሽ